ግንባሬ መሬት እስኪነካ

እኔ በምሰግድበት መስጊድ፣ በሴቶቹ ክፍል ጥግ፣ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ነበረች። ሌሎቹ ሴቶች ሱጁድ ሲወርዱ፣ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አንገቴን ሰበር አደርግ ነበር። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፤ አውቃለሁ። ግን ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ከፊቴ ደግሞ ሰባ ያለፋቸው አማቴ እማ ዘይነባ እንደ ልጃገረድ ወርደው ሲነሱ አያለሁ። እዚያች ወንበር ላይ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ ከአላህና ከሻሼ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሴቶች ነው። አንደኛዋ «ተመችቶሻል» ስትባል ደስ እያላት ጉልበቷን ተደብቃ የምታሽ ናት። ሁለተኛዋ የምትወደውን ሰው «በሞቴ ብላ» እያለች የምታጎርስ ናት። ሁለቱንም ሆኜ ስላየኋቸው አልፈርድባቸውም።

ከድጃ እባላለሁ። ቆቦ ገበያ ውስጥ ማሽላ፣ ጤፍና ሽምብራ እሸጣለሁ። ሥራዬ ቁጭ ብሎ መዋል ነው፤ አፌ ግን አይቀመጥም፣ ወይ ይከራከራል ወይ ያኝካል። በእኛ ቆላ «ወፈርሽ» ማለት ስድብ አይደለም። የባለቤቴ የሰይድ ዘመዶች ከዋጃ በመጡ ቁጥር ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ማሻአላህ፣ ሰይድ አሳምሮ ነው የያዛት!» ይሉ ነበር። ሰይድም ጢሙን እየዳበሰ ፈገግ ይላል። ስለዚህ እያማረብኝ እንጂ እየታመምኩ አልመሰለኝም።

የጀመረኝ በጉልበቴ ነው። ከጆንያው ላይ ለመነሳት መጀመሪያ ሁለት እጄን እተክላለሁ፣ ቀጥሎ ቢስሚላህ እላለሁ፣ በመጨረሻ ሰው እጠራለሁ። ከዚያ ውሃ ጥሙ መጣ። በቆቦ ሙቀት የማይጠማው ማን አለና ልጠርጥር? ሽንት ቤት መመላለሱንም በውሃው አሳበብኩ። ድካሙን በዕድሜ፣ የዓይኔን ብዥ ማለት በገበያው አቧራ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው» አሉ። ቆቦ ላይ ብርድ ከየት መጥቶ እንደሚመታኝ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ቅባት ተቀብቼ ጉልበቴን በፎጣ ጠቅልዬ በዚያ ሙቀት ስበስል ሰነበትኩ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ድካሙን ሲሰሙ «ታይፎይድ ነው» ብለው እንክብል ሰጡኝ። ጨረስኩት፤ ጉልበቴ ታይፎይድ እንዳልነበረው ገባኝ። ሌላው ጋ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተይ» አሉኝ። ሥጋ ተውኩ። በሥጋው ፈንታ እማ ዘይነባ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ አቀረቡልኝና ሥጋ ከመተዌ በፊት ከነበርኩት ባስኩ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር፤ ቆሜ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ያየች አንዲት የጎብዬ ገጠር ሴት፣ የታመመ ልጅ ታቅፋ፣ ራሷን አጥብባ «ነይ እቴ፣ ግማሽ ግማሽ እንቀመጥ» አለችኝ። ለኔ ግማሽ የሚባል መቀመጫ እንደማይበቃኝ ሁለታችንም እያየን ነበር። ግን ልጇን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዛውራ እስኪበቃኝ ተጠጋችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ እስከ ዛሬ በዱአዬ አነሳታለሁ።

ደሜ ታየ። ሐኪሙ «የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ነሽ፤ ገና አልገባሽም» አለኝ። ጉልበቴም ከላይ የተጫነበትን መሸከም አቅቶት እያለቀ ነው። «ክብደት ቀንሽ።» እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «ምግብ ቀንሽ» አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበርና ወጣሁ።

እኔ ደግሞ ነገር በግማሽ አላውቅም። ቀንሽ ከተባልኩ ልጨርሰው ብዬ ሦስት ቀን ሎሚ በውሃ ብቻ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማሽላ እየሰፈርኩ ዓለም ዞረብኝና ጆንያው ላይ ተዘረርኩ። ሰይድ ገበያው ዳር ካለችው ሱቁ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስነቃ «ካንች ውጭ ማን አለኝ ብለሽ ነው?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። ባሌ ጮሆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ፈራሁ። እንዲህ ያለውን ሙከራ አታድርጉ፤ ለኔ ያተረፈልኝ የግንባር እብጠት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጤና ጣቢያው ውስጥ አዲስ ቡድን መቋቋሙን የሰማሁት። የምትመራው ሲስተር ትዕግስት የምትባል ነርስ ናት፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት። ዐሥራ አንድ ሆነን በሳምንት አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የባጃጅ ሾፌሮቹ ወዲያው «የጥጋበኞች ስብሰባ» የሚል ስም አወጡልን።

መጀመሪያ የገጠመኝ ሚዛኑ ነው። ወጣሁበት፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ አለ። እኔ ዕድሜዬን በሚዛን የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሚዛን እንዴት እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ምንም ሳልናገር ሄድኩና በሁለተኛው ሳምንት የራሴን የአምስት ኪሎ ድንጋይ በፌስታል ይዤ መጣሁ። ብረት ነው፣ እኛ ነጋዴዎች ግን ድንጋይ እንለዋለን። ሁሉም እያየ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አምስት አለ፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አላዛነፈም። የዋጃ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ካሳ፣ ሆዱ መሪውን የሚጠብቅለት ሰውዬ፣ ከአግዳሚው ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «እቴ ከድጃ፣ አሁን ማንን ልትከሽ ነው?» አለኝ።

ሲስተር አልሳቀችም። «ሚዛን ማመን ለአንች ትልቅ ነገር ነው» ብቻ አለች።

ነገሯ እንዲህ ነው። የተናገርሽውን መልሳ ለአንችው ትነግርሻለች፤ ከዚያ ትጠይቅሻለች። መጀመሪያ ተናድጄባት ነበር። ገበያ ላይ የተናገርኩትን የሚደግምልኝ ሰው ዋጋ ሊያስወርደኝ የፈለገ ነው። እሷ ግን የምትሸጠው ነገር የላትም። በኋላ እንዳስረዳችን ይህ የማነቃቂያ ምክር የሚባል አሠራር ነው፤ ባለሙያው «አድርጊ» አይልም፣ ሰውየው በውስጡ ያለውን የራሱን ምክንያት በራሱ አፍ እስኪያወጣው ይረዳዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ እኔ ዞራ «እትዬ ከድጃ፣ ክብደት መቀነሱን ከአስር ስንት ትሰጭዋለሽ?» አለችኝ።

«ከአስር በኋላ ነው የሚመቸኝ» አልኳት። የአስር ሶላት መስሎኝ ነዋ! ከሰዓት የምንገናኝበትን ሰዓት የጠየቀችኝ መስሎኝ።

ኒሟ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። ካሳ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ «እኔን ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ጻፊኝ» አላት። ሲስተርም በዚህኛው ሳቀች፤ እንባዋን ጠርጋ ጥያቄዋን አስተካከለች። ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር እንድሰጥ ነው።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«እንደምትችይውስ ምን ያህል ታምኛለሽ?»

«ሦስት።» አፈርኩ። አሁን ትገሥጸኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለምን ሦስት አልሽ? አንድ ያላልሽው ለምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ለምን እንዳነሰ ነው፤ ይህች ልጅ ለምን የባሰ እንዳላነሰ ጠየቀችኝ። አፌ ከኔ ቀደመ። «እኔኮ ረመዳንን ሙሉ የምጾም ሴት ነኝ! በዚህ ቆላ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ምላሴ ደርቆ እህል እየሰፈርኩ ውዬ ጠብታ ውሃ አልቀምስም። አንድ ጉርሻ መተው ነው እንዴ የሚያቅተኝ?»

«ስለዚህ ከዚህ የከበደውን ስትችይ ኖረሻል» አለች። በራሴ አንደበት ራሴን ረትቼ ተቀመጥኩ።

«ምን ለማግኘት ነው የምትፈልጊው?» ብላ ስትቀጥል ስለ ስኳር ልነግራት ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው። «ግንባሬን መሬት ማስነካት» አልኳት። ከጎኔ የነበረችው ሴት እጄን ያዘችኝ፤ ካሳ እንኳ ቀልዱን አቁሞ መሬት መሬት አየ። «አብሽሪ» አለኝ በኋላ፣ የኛን የሙስሊሞቹን ማጽናኛ ተውሶ፣ «አብሽሪ እቴ፣ ትወርጃለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የኔ ሆነ። ሻዩ ላይ የማደርገውን አራት ማንኪያ ስኳር ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩ። ለስላሳ ተውኩ። የማሽላ እንጀራዬን በሽሮና በጎመን እየበላሁ ሁለተኛውን አልደግምም። ወደ ገበያ በባጃጅ መሄድ ትቼ በእግሬ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ሁለት ቦታ ቆሜ እየተነፈስኩ።

የማይታለፈው አጥር ግን ቤቴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ሲስተር «በዚህ ሳምንት የከበዳችሁ ነገር ምንድን ነው?» ስትል ዐሥራ አንዳችንም የሰጠነው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ በሞቴ። የካሳ ሚስት በሞቴ ትለዋለች። ለቅሶ ቤት በሞቴ ነው፣ ሠርግ ቤት በሞቴ ነው። እኔ ቤት ደግሞ እማ ዘይነባ አሉ። እንጀራው ላይ እጄን ላነሳ ስል «በሞቴ ብይ» ይላሉ። እምቢ ካልኩ «አፈር ስሆን!» አሁንም እምቢ ካልኩ «ቅበሪኝ!» በአንድ ምሳ ሦስት ጊዜ ይሞቱብኛል። የሰውን እናት በአንድ ጉርሻ ምክንያት ማን ይገድላል? እጎርሳለሁ።

ሲስተር መፍትሔ አልሰጠችንም። «ምን ብትመልሱ ደስ ይላችኋል?» አለችና ተለማመዱ አለች። ካሳ አማቴን ሆኖ ተቀመጠ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ቅበሪኝ ልጄ!» ሲል የኒሟ ወፎች ተነሥተው በረሩ። እየሳቅን እየተከራከርን አንድ መልስ ላይ ደረስን። በሞቴ የሚለውን ሰው በሕይወቱ መያዝ። «በሕይወትዎ ይተውኝ» ማለት። ሁላችንም ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ በማንም በሞቴ ላንበላ፣ ማንንም በሞቴ ላናበላ ቃል ተገባባን።

በማግስቱ ምሳ ላይ እማ ዘይነባ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» አሉኝ።

«በሕይወትዎ ይተውኝ እማዬ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሰው አስቀመጡና ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሦስት ቀን ከኔ ጋር ማዕድ አልቀረቡም። ሰይድ በሁለታችን መካከል ሲመላለስ ከረመ። «እናቴን እጅሽ አልጣመኝም አልሻት ወይ?» ይለኛል። ለእሳቸው የገባቸው እንደዚያ ነበር። እውነቱን አልደብቅም፤ በሦስተኛው ቀን ጉርሻውን በልቼ ነገሩን ልተወው አስቤ ነበር።

ግን ትዝ አለኝ፤ ሲስተር እኔን ያሸነፈችኝ በመንገር አይደለም፣ በመጠየቅ ነው። ክፍላቸው ገብቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ስበላ ሲያዩ ምኑ ነው ደስ የሚልዎት?» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። «በዚያ ክፉ ቀን» አሉ፣ «እህቴ ከሳች። መጀመሪያ ጉንጯ ገባ። ቀጥሎ አንገቷ ቀጠነ። የምሰጣት አጣሁ። ሰው ሲከሳ የሚታየኝ እሷ ናት፣ ልጄ። አንችም ጉንጭሽ መግባት ጀምሯል።»

ለሃያ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እኔ ጉርሻ ሲገፉብኝ ነው የማየው፤ እሳቸው ለካ ከሞት ሊያስመልጡኝ ነው። አቅፌያቸው አለቀስኩ። ከዚያ የሲስተርን ነገር መልሼ ሠራሁት፤ «ስለዚህ እኔን ላለማጣት ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ይመስልሻል!» አሉ፣ ትንሽ ተቆጥተው። ሐኪሙ ያለኝን፣ የጉልበቴን፣ የስኳሩን፣ የወንበሯን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ወንበሯን ሲሰሙ ቀና አሉ። «የምትቀመጭው ለምቾት መስሎኝ!» አሉ። «ወይ ልጄ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«እርስዎ ምን ቢያደርጉ ደስ ይልዎታል?»

«እኔ በእግሬ መሄድ እወዳለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር፣ አማትና ምራት በአስፋልቱ ዳር እንሄዳለን። እማ ዘይነባ ከኔ ግማሽ አይመዝኑም፤ ከፊት ሆነው ይፈጥናሉ፤ ዞረው «ነይ እንጂ አንች ጎረምሳ!» ይሉኛል። አንድ ባጃጅ ነጂ ቀስ ብሎ በአጠገባችን እያለፈ «እማማ፣ ማን እያባረረዎት ነው?» ቢላቸው «ምራቴ ናት፣ ግን አትደርስብኝም!» አሉት። ገበያው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ዋለ። አንዳንዱ «ከድጃ ከሳች፣ ምን አገኛት?» ብሎ ሲያዝንልኝ፣ የአምስት ኪሎዋን ድንጋይ ከሚዛኔ ላይ አንስቼ አሸክመዋለሁ። «ይቺን ይዘህ ገበያውን ዙርልኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሁለት ድንጋይና ሦስት ኪሎ ጨምሬ ነው ያወረድኩት» እለዋለሁ። እስከ በርበሬ ተራ ደርሶ ይመልስልኛል።

ዐሥራ ሦስት ኪሎ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ዝም ብሎ የወረደም አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ አልነቃነቅ ብሎኝ ድንጋዬን መልሼ ይዤ ሄጃለሁ። ስኳሬ አሁን ከደጃፉ ራቅ ብሏል፤ እየተመረመርኩ እጠብቀዋለሁ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል። እናንተም ውሃ ጥሙና የሽንቱ መመላለስ ከበዛባችሁ በሙቀት አታሳቡ፣ ደማችሁን ታዩ።

ያን ቀን ምንም የተለየ ቀን አልነበረም። የአስር ሶላት ነው። ከገበያ ወደ መስጊድ ሄድኩ፤ ወንበሯ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ አየኋት፣ አለፍኳትና ከእማ ዘይነባ ጎን ቆምኩ። ለሱጁድ ወረድኩ። ጉልበቴ መሬት ነካ፤ መዳፌ ነካ፤ ከዚያ ግንባሬ ምንጣፉ ላይ አረፈ። የምንጣፉ አቧራ ሸተተኝ። ሁለት ዓመት የናፈቀኝ ይህ ሽታ ኖሯል።

ሶላቱ አልቆ ሴቶቹ ሲበታተኑ ለምስጋና እንደገና ወረድኩ። ደስታው ስለያዘኝ አልተነሳሁም። እዚያው እንደተደፋሁ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ አላህን አመሰግናለሁ፤ ጊዜው እንደሄደ አላወቅሁም። ከላዬ የእግር ኮቴ ተሰማኝ። «ኸረ ከድጃ ተደፍታ ቀረች!» አለች አንዷ። «ያዟት፣ አንሷት!» አለች ሌላዋ።

ከዚያ የእማ ዘይነባ ድምፅ መጣ፣ በድንጋጤ የተሰነጠቀ። «ከድጃ! ልጄ! በሞቴ ተነሽ!»

በዚያ ቃል እሽ ላልል ከኒሟ ሥር ቃል ገብቻለሁ። ያን ቀን ግን እሽ አልኳቸውና የማንንም እጅ ሳልይዝ ብድግ አልኩ።